ከቀለሙ በፊት



መኪናውን ጋራዥ ያስገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ቀለሙ መቼ ይደርሳል?» ብሎ ነው። የቤተ ክርስቲያናችንን ሚኒባስ ለማስቀባት ስንሄድ እኛ አገልጋዮችም የጠየቅነው ይህንኑ ነበር። ባለሙያው ፈገግ ብሎ፣ «ቀለሙ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ቀኑን የሚበላው ከቀለሙ በፊት ያለው ነው» አለን።

እንዳለውም ሆነ። የዛገውን ፓራፋንጎ ቁጥር 80 በሆነው ሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ዝገቱ በዓይን የሚታይበት ቦታ ላይ አላቆመም፤ ጤነኛ ብረት እስኪያገኝ ድረስ አልፎ ሄደ። ዝገት ቀለም ስለተቀባበት አይሞትም፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ከሥር እየበላ ይቆይና አንድ ቀን ቀለሙን አሳብጦ ይወጣል። ከዚያ በስቱኮ ሞላው፤ ሲደርቅ አስተካክሎ አንቲረስት ረጨበት። ለእኛ ያለቀ መሰለን። እርሱ ግን ባማረው ግራጫ ላይ ጥቁር ቀለም እንደ ጭጋግ ስስ አድርጎ ነፋበትና በቁጥር 400 ውሃ እያስነካ ማሸት ጀመረ። ጥቁሩ ከከፍታው ላይ ሲለቅ በጎድጓዳው ቦታ ቀረ። ዓይናችን ያላየውን ጉድለት ጥቁሩ አሳየን።

ይህ ሁሉ ድካም ቀለም ገመና ስለማይሸፍን ነው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም ንብርብሮቹ ሁሉ ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ እምብዛም አይበልጡም። እንዲህ የሳሳ ነገር ጉድጓድ አይሞላም። እንዲያውም ቀለሙ ባብረቀረቀ መጠን ጉድለቱ ጎልቶ ይታያል።

በዚያው ሰሞን ሁለት ወንድሞችን ለማስታረቅ ተቀምጠን ነበር። በሽርክና ነግደው በገንዘብ የተጣሉ ናቸው። አንደኛው፣ «ፓስተር፣ ያለፈው አልፏል፤ ይጸልዩልንና እንተቃቀፍ» አለ። ሁለተኛው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ብዙ ሽምግልና እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጸሎት፣ መተቃቀፍ፣ እልልታ። ያን ዝምታ ግን አልፈነው መሄድ አልቻልንም። «አንተስ ምን ትላለህ?» አልነው። «ደብተሩ ይከፈት» አለ።

ደብተሩ ሦስት ምሽት ወሰደ። ድምፅ ከፍ ያለበት፣ አንዱ ተነሥቶ ሊወጣ በሩን የያዘበት ጊዜ ነበር። በሦስተኛው ምሽት የመጀመሪያው ወንድም ያለ ባልንጀራው ዕውቀት የወሰደውን ገንዘብ መጠኑን ጠርቶ ተናገረ፤ በየወሩ ሊመልስም ቃል ገባ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ አላቀፈውም። እሁድ እሁድ ግን በስሙ ጠርቶ ሰላም ይለዋል። እኛም አናጣድፈውም፤ ስቱኮ ሳይደርቅ አይፈገፈግም።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 13 ሕዝቡ የሠራውን ደካማ ግንብ በኖራ ስለሚያሳምሩ ነቢያት ይነግረናል። ዝናቡ ሲመጣ ግንቡ ከነኖራው ይወድቃል። በሉቃስ 19 ያለው ዘኬዎስ ግን «አልፏል» አላለም። የበደለውን ሰው አራት እጥፍ እንደሚመልስለት በቁጥር ተናገረ። ደግሞም ልብ እንበል፤ ጌታ ወደ ቤቱ እንደሚገባ የነገረው ዘኬዎስ ይህን ከመናገሩ በፊት ነው። ንስሐ ጸጋን የምንገዛበት ዋጋ አይደለም። ጸጋ አስቀድሞ ደጃችን ስለመጣ ግን የቆለፍነውን ደብተር ለመክፈት አቅም እናገኛለን።

አንድ ነገር እንጨምር። ባለሙያው ጤነኛውን የቀድሞ ቀለም እስከ ብረቱ አልገፈፈውም፤ አዲሱ እንዲይዝ ብቻ በስሱ አሸው። ያገኘውን ሁሉ በቁጥር 80 የሚፍቅ አገልጋይ ምእመናንን ያቆስላል። የተናዘዘን ሰው ደግመን ደጋግመን መፋቅ ፈውስ አይደለም። ጤነኛው ጋ ስንደርስ እጃችንን መሰብሰብም ፍቅር ነው።

ይህን የምታነቡ ወገኖች፣ «አልፏል» ተብሎ የተዘጋ፣ ነገር ግን እንቅልፍ የሚነሣችሁ ነገር ካለ፣ በዚህ ሳምንት በጌታ ፊት በስሙ ጥሩት። የሰው ገንዘብ ወይም የሰው ስም ካለበት፣ አንድ የታመነ ሽማግሌ ይዛችሁ ወደ ባለቤቱ ሂዱ። ሦስት ምሽት ቢወስድም ይውሰድ።

ጌታ በመካከላችን ያለውን ዝገት በምሕረቱ ይግለጥልን፤ እስኪድን ድረስም ትዕግሥቱን ይስጠን። አሜን።