ፉጨትና ጉልበት

እኛ ሰዎች ጉልበትን በድምፅ የመለካት ክፉ አመል አለብን። ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ የሚደበድበው “ቆራጥ” ይባላል፤ ቀስ ብሎ የሚናገረው ደግሞ “ምን እሱ እቴ፣ ሰው አይጎዳም” ተብሎ ይታለፋል። መኪና ላይ ስንደርስማ አይጣል ነው! ማርሚታውን አስበስቶ ሰፈር የሚያናውጥ ጎረምሳ መኪናው ጉልበት የጨመረችለት ይመስለዋል። የጨመረው ግን የጎረቤቱ ራስ ምታት ብቻ ነው።

ስለዚህ አመላችን ደጋግሜ እንዳስብ ያደረገኝ አንድ ያረጀ የጦር ካሚዮን ቱርቦ ነው። ቱርቦ ምንድነው ለምትሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር የሚሠራው በነዳጅ ብቻ ይመስለናል እንጂ ነዳጁ እንዲነድ አየር ያስፈልገዋል። ቱርቦ በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተሰኩ ሁለት ጎማ መሳይ ነገሮች ናቸው። አንደኛውን ሞተሩ የሚተፋው ጭስ ያሽከረክረዋል፤ ሌላኛው ንጹሕ አየር ስቦ፣ አምቆ ወደ ሞተሩ ይከታል። ባጭሩ የሚጣለውን ጭስ መልሶ ሥራ ማስያዝ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡኪ የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነበር።

ለእኛ ለደገኞች ደግሞ ነገሩ ከቅንጦት ያልፋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ከጅቡቲ ደረቱን ነፍቶ የተነሣ ቱርቦ የሌለው ካሚዮን አዲስ አበባ ሲደርስ የትንፋሹን ሩብ መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህን ለማረጋገጥ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ከተባለ 4,300 ሜትር ከሚደርስ ተራራ ጫፍ አወጣው። ከታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦ ሲገጥምለት 356 ሰጠ።

እናላችሁ፣ እኔና ቱርቦ የተዋወቅነው እዚያው ኮሎራዶ ነው። አጎቴ አውሮራ በምትባል የዴንቨር ጎረቤት ከተማ ይኖራል። ጋሼ ወታደር ነበር፤ መካኒክ። አሜሪካ ለኢትዮጵያ ጦር መሣሪያና አሠልጣኝ በምትልክበት ዘመን መጨረሻ ላይ፣ በ1965 ዓ.ም በአሥራ ስምንት ዓመቱ ካቻቪቴ ጨበጠ። በ1969 ዓ.ም አሜሪካኖቹ ሲወጡና ሶቪየቶቹ ሲገቡ እንግሊዝኛውን መጽሐፍ ዘግቶ የሩሲያውን ገለጠ። ኡራል-375ን እንደ ልጁ ያውቀዋል። ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ቤንዚን እንደ ውኃ የሚጠጣ፣ ቱርቦ ግን ያልፈጠረበት። “ከሸዋ ሮቢት ተነሥተን ጣርማ በርን ስንወጣ እግረኛ ይቀድመን ነበር” ይላል።

ከዚያ በኋላ ስደት መጣ። ጋሼ አሜሪካ ገብቶ ሃያ ዓመት ያህል የሠራው የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ቲኬት እየቆረጠ ነው። በየቀኑ መቶ መኪና በፊቱ ያልፋል፤ አንዱም ኮፈኑን አይከፍትለትም። እንግሊዝኛው ለቲኬት ይበቃል፤ ለሞተር ግን አልበቃም።

ጎረቤቱ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ወታደር ነው። ይህ ሰውዬ ከመንግሥት ጨረታ ኤም-35 የተባለ ካሚዮን ገዝቷል። ኤም-35 እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣ፣ ከመንገድ ውጭ ሁለት ተኩል ቶን የሚጭን፣ በመጠሪያውም “ሁለት ተኩል” የሚባል ባለ ስድስት እግር ነው። ሰውዬው የገዛው ኤ-2 የተባለውን ዓይነት ነው። 7.8 ሊትር የሆነው ሞተሩ ናፍታውንም፣ የጄት ነዳጁንም፣ ሲቸግረው ቤንዚኑንም አይመርጥም። የዚህ ሞተር ቱርቦ ወዳጆቹ ዘንድ በሁለት ፊደል ይታወቃል። ሲ የሚሉት ያፏጫል፤ ከሩቅ ይሰማል። ዲ የሚሉት ዝምተኛ ነው። የሰውዬው ፉጨተኛው ነበር፤ ታዲያ ዘይት መብላት ጀመረ። መለወጫ ብሎ ደግሞ ያገለገለ ዝምተኛ ገዛ። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ጋሼን ጠራው። እኔ ለእረፍት ሄጄ ስለነበር አስተርጓሚ ሆኜ ተከተልኩ።

ጋሼ መጀመሪያ የስም ሰሌዳዎቹን አነበበ። “ይሄ መታወቂያ ነው፤ መታወቂያ ደግሞ ይቀያየራል” አለኝ። ስለዚህ ቤቱ ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች ከሰሌዳው ጋር አስተያየ። ቀጥሎ ወደ ሞተሩ የሚታሠርበትን ገጽ ገጥሞ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ቆጠረ። ከዚያ ካሊፐር ጠይቆ የአየር መሳቢያውን ጎማ አፉንና ወገቡን ለካ፤ ክንፎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። “ሁለት ቱርቦ በውጭ መንታ መስሎ በሆዱ ባዳ ሊሆን ይችላል” አለ። የጭሱ መግቢያ ጠባብ የሆነለት ቶሎ ይነቃል፣ ላይ ሲደርስ ግን ይታፈናል። ሰፊው ዘግይቶ ይነቃና ሩቅ ይሄዳል። አንዱ ከአንዱ አይበልጥም፤ ከሞተሩ ጋር ካልተስማማ ግን ሁለቱም ብረት ናቸው።

በመጨረሻ ጣቶቹን አስገብቶ ዘንጉን ነቀነቀ። ወደ ጎን ጥቂት ቢላወስ አያስደነግጥም፤ ዘንጉ በዘይት ስስ ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነውና የሚዞረው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ግን አበቃለት። ፉጨተኛው ይሄዳል። ጋሼ መብራት አብርቶ አሳየን፤ የክንፎቹ ጫፍ ከቤቱ ግድግዳ ጋር እየተፋጨ የተላጨበት ቦታ ያብረቀርቃል። በደቂቃ አሥር ሺዎች ጊዜ የሚዞር ነገር ክንፉ ቢሰበር ስብርባሪው የት እንደሚገባ ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ሰውዬው ይህን ስተረጉምለት ዝም አለ። ዝምተኛው ጤነኛ መሆኑ አላስደሰተውም። ለካ መኪናዋን የገዛው ለፉጨቱ ነበር፤ በወጣትነቱ የነዳት እሷን ነበርና። “ጉልበቷ ይቀንሳል አይደል?” ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ሳቀ። ለካ ይህ ሞተር ቱርቦ የተጨመረለት ጭሱ እንዲጠራ ነው እንጂ ጉልበቱ ቱርቦ ከሌለው ወንድሙ ብዙም አይርቅም! ያ ሁሉ ፉጨት፣ ያ ሁሉ ዝና፣ ዋና ሥራው ጭስ ማጥራት ነበር። “ፉጨቱ ጉልበቱ አይደለም በለው” አለኝ ጋሼ። “ግን ቀስ ብለህ ንገረው፤ ሰውዬው ያዘነው ለብረቱ አይደለም።”

ቀስ ብዬ ነገርኩት። ሰውዬው ጥቂት ቆይቶ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፦ “ይህን ሁሉ የት ተማርከው?” ጋሼ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ አገር ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። መልሱን እንድተረጉም አልጠበቀኝም። በራሱ እንግሊዝኛ፣ በተሰባበረችው፣ “አሜሪካ አስተማረኝ፤ ራሺያ አስተማረኝ፤ ጣርማ በር ፈተነኝ” አለው። ዝምተኛውን የዚያን ዕለት ገጠሙት።

እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ጋሼን የመሰለ ስንት ሰው አለን? እዚያ ዳስ ውስጥ የተቀመጠ፣ እዚህም ጋራዥ ደጃፍ በርጩማ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ፣ የሞተርን ሕመም በጆሮው የሚለይ ሰው። አያፏጩም። ማስታወቂያ የላቸውም፤ ብዙዎቹ የምስክር ወረቀትም የላቸው። እኛ ደግሞ ሶማሌ ተራ ሄደን መለዋወጫ ስንገዛ ሰሌዳው የሚያብለጨልጨውን፣ ሻጩ ጮክ ብሎ የማለበትን እናነሣለን። የከፈልነው ገንዘብ መጥፋቱ አይደለም ትልቁ ጉዳት። ያ ዕቃ የሚገጠምለት ካሚዮን ነገ ሰው ጭኖ ጣርማ በርን ይወጣል፤ የዓባይን ቁልቁለት ይወርዳል።

ስለዚህ በሰፈራችሁ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ መካኒክ ካለ ልጃችሁን ላኩበት፤ ደብተርና ካሊፐር አስይዛችሁ። ሽማግሌው መጀመሪያ “እኔ ምን አውቃለሁ” ይላል። አትመኑት። ዘንጉን ሲነቀንቅ ጣቶቹን እዩ።