የሜዳ ነገር

እኛ የኮተቤ ልጆች ነን። ኮተቤ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ ዳር ላይ ነው። ድሮ ገጠር ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን አፉን እንሰፋለን፤ ኳሳችን ያ ነበር። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው።

ሽማግሌዎቹ የ1954 ዓ.ም.ን ያወራሉ። ያኔ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ፣ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። እኛ ዋንጫ አላየንም። በ2005 ዓ.ም. አገራችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደዚያ ውድድር ስትመለስ ልጆች ነበርን። ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተደራርበን ተቀመጥን። በ10 ሰው ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣን። ዛምቢያ እኮ የዋንጫው ባለቤት ነበረች! ሠፈሩ በጩኸት ተናወጠ። በአራተኛው ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ያን ማታ እራት የበላ ጥቂት ነው።

የሚቆጨን ግን ሌላ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ባለሜዳዎቹ እኛ ነን። ጨዋታው የተደረገው ግን ማላዊ ነው! የአገራችን ስታዲየሞች መመዘኛውን አላሟሉም ተብሎ ነበርና። ድግሱን ደግሶ ሰው ቤት እንደሚያበላ ሆንን።

እዚህ ከምናስተምራቸው አንድ አባት ይህን ሰምተው፣ «ማሳ የሌላችሁ ገበሬዎች ናችኋ!» አሉን። ሳቅን። አሁን ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት ሬዲዮ ስንከፍት አጠገባችን ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁን፣ «ዛሬስ የማን ግቢ ነው?» ብለው ነው።