ያላለቀ ዳንቴል አይሸጥም

ዛሬ ስለ ዳንቴል ነው የምጽፈው። ዜና ለመከታተል የገባ ሰው ዳንቴል ምን ያደርግለታል የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሱኝ፣ ነገሩ የኑሮ ውድነት ነው።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ናት። ብርዱ ሰውን ቤት ያስቀምጣል፣ ቤት የተቀመጠች ሴት እጅ ደግሞ ሥራ አይፈታም። የታናሽ እህቴ የኮሌጅ ክፍያ ግማሹ ከኪሮሽ ነው የወጣው። ባለፈው ለገና ስሄድ ግን ቁም ሳጥኑ ላይ 6 ፌስታል ቆጠርኩ። ስድስቱም የተጀመረ ሥራ ነው። አንደኛው የሶፋ ልብስ የጎደለው የአንድ እጅ መደገፊያ ብቻ ነው። ሌላው የአልጋ ልብስ ሲሆን አበባዎቹ በሙሉ ተሠርተው ሳይገጣጠሙ በከረጢት ተቀምጠዋል። ክሩ በገንዘብ ተገዝቷል፣ የወራት ጉልበት ፈሶበታል፣ ገበያ ግን አይወጣም። መደገፊያው የጎደለ የሶፋ ልብስ ማን ይገዛል?

ይህን ስንፍና የሚል ሰው ዳንቴል ሲሠራ አላየም። ሥራው የሚቆመው በብዙ ምክንያት ነው። ክሩ መሀል ላይ ያልቅና ሱቅ ስትሄድ ያው ነጭ አይገኝም (ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አዲሱ ክር ከአሮጌው ጎን ሲቀመጥ እንደ ጥፍ ይታያል)። ከጎረቤት የተዋሰችው ናሙና ይመለሳል። ለቅሶ ይመጣል፣ ፋሲካ ይደርሳል፣ ቅድሚያ ክፍያ ያለው ትዕዛዝ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከመርካቶ የሚመጣው ክር ወይ ይጠፋል ወይ ዋጋው ይሰቀላል። ከሁሉም በላይ አበባ መሥራት ያጓጓል፣ መገጣጠም ግን ይሰለቻል። እናቴ ራሷ «አበባው ጨዋታ ነው፣ ሥራው መግጠሙ ላይ ነው» ትላለች።

እዚሁ አገር ግን ተጀምሮ የማይቀር የእጅ ሥራ አለ፤ ጋቢ። አክስቴ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብላ አንኮበር ትኖራለች፤ ፈታይ ናት። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተልና ልቃቂት ይሆናል። ለድር የሚሆነው ጠንካራና ቀጭን ሆኖ ይፈተላል፣ ለማግ የሚሆነው ላላ ይላል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ብዙ ክር ይበላል። አክስቴ ያንን ሁሉ የምትፈትለው የወር በዓላቱን እየዘለለች ነው፤ በ12፣ በ21፣ በ27 እንዝርት አትነካም። እንዲያም ሆኖ ጋቢው ያልቃል። ለምን ይመስላችኋል? ሸማኔው ጎዶሎ ክር ስለማይቀበል ነው። ጋሼ ልቃቂቶቹን በእጃቸው መዘን መዘን ያደርጉና «ልጄ፣ ይህ ለድሩም አይበቃ፤ ሞልተሽ አምጪው» ብለው ይመልሷታል። እሳቸው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ደግሞ መሸመኛውን ይዞ ስለሚቆም የሌላ ሰው ሥራ መግባት አይችልም። ስለዚህ ይጨርሱታል። ዳንቴል ላይ ይህ ሁሉ የለም። ክሩን የምትገዛውም፣ የምትሠራውም፣ የምትመረምረውም አንዲት ሴት ናት። አዲስ ስትጀምር የሚያስቆማት የለም።

በነገራችን ላይ ይህን ሥርዓት ይዘው የኖሩትን ሸማኔዎች ስንት ዘመን «ቁጢት በጣሽ» እያልን ሰድበናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰው ነበር። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ጥፎ መስፋትንም «ድሪቶ» ብለን የድህነት ስም አደረግነው። በአሜሪካ አላባማ ጊስ ቤንድ የሚባል ቦታ ያሉ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ ጥፈው የሰፉት ብርድ ልብስ ግን እ.ኤ.አ. በ2002 በትልቅ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ወደ ፌስታሎቹ ልመለስ። ቃለ መጠይቅ የምይዝበትን ዓይነት ደብተር ለእናቴ ገዛሁላት። ለእያንዳንዱ ፌስታል አንድ ገጽ ሰጠን። መቼ ተጀመረ፣ የክሩ ቁጥር ስንት ነው፣ ኪሮሹ የትኛው ነው፣ ስንት አበባ ተሠራ፣ ስንት ቀረ። ከክሩ ላይ ቁራጭ አድርገን ገጹ ላይ በፒን ያዝነው፤ ሱቅ ስትሄድ ደብተሩን ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ ሥራዎቹን በውበታቸው ሳይሆን በቀራቸው ልክ ደረደርናቸው፤ ለማለቅ የቀረበው ይቀድማል። አሥር አበባ ሲሞላ ወዲያው ይገጠማል፣ ለመጨረሻ አይከማችም። ለአዲስ ሥራ አንድ አበባ ሠርታ የበላውን ክር ትለካና በአበባው ብዛት አባዝታ ክሩን በአንድ ጊዜ ትገዛለች።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ጊዜ ለመግዛት ገንዘብ ከየት ይመጣል? ሴቶችን «ለማብቃት» በተዘጋጀ ስልጠና ላይ ለዘገባ ተቀምጬ አውቃለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ የተወራው ስለ መጀመር ነበር። አዲስ ዲዛይን፣ አዲስ ክር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ ፎቶ። ቤታቸው ያለው ግማሽ ሥራ ለምን እንደቆመ ሴቶቹን የጠየቀ አልነበረም። ለአንዲት ሴት ከአዲስ ስልጠና ይልቅ የጎደላት 4 ጥቅል ክር ሊሆን ይችላል። እኔ የሚታየኝ የክር ዕቁብ ነው፤ አምስት ስድስት ሴቶች እየተዋጡ በየተራ የአንዷን ሙሉ ክር መግዛት። ዕጣ የደረሳት ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ያለቀውን አምጥታ ታሳያለች። ሸማኔው ለአክስቴ የሚያደርገውን ያህል ሰው ፊት መቅረብም ያደርግላታል።

እናቴ ሐሳቡን ለጎረቤቶቿ አንስታለች፤ ሁለቱ እሺ ብለዋል፣ አንዷ «ባሌ ዕቁብ መሆኑን እንጂ ክር መሆኑን እንዳይሰማ» ብላለች። የሶፋ ልብሱ መደገፊያ አልቆ ተሽጧል። የአልጋ ልብሱ ግማሹ ተገጥሟል። አንድ ፌስታል ግን ደብተሩ ውስጥ እንዳይገባ ከልክላለች። ለእኔ ሠርግ የጀመረችው የጠረጴዛ ልብስ ነው፤ «እሱን የሚያስጨርሰው አንተ ነህ» ትለኛለች።