መነጽሩና የአያቴ ዓይን

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፥ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ጊዜ ክቡርነት እንደሚጽፉ ስላወቅሁ፥ እኔ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ክረምት ስለ ተማርሁት ጨዋታ ልጽፍ አሰብሁ። ነገር ግን ጨዋታ ነው ብዬ የጀመርሁት ነገር ከጨዋታ ያለፈ ትምህርት ሰጥቶኛል። በአያቴ ላይ የሠራሁትን ጥፋት ደብቄ ደስታውን ብቻ ብጽፍ እውነተኛ ጽሑፍ ስለማይሆን፥ ነገሩን ሁሉ እንደ ነበረ እናገራለሁ።

አጎቴ በአሜሪካ አገር፥ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፥ በኮለምበስ ከተማ ይኖራል። አያቴም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከእርሱ ጋር ናቸው። አባቴ የ11ኛ ክፍል ትምህርቴን በደህና በመጨረሴ ደስ ብሎት፥ ክረምቱን ከእነርሱ ዘንድ እንዳሳልፍ ላከኝ። የአጎቴ ልጅ በዕድሜ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ተወልዶ ያደገውም እዚያው ስለሆነ አማርኛው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እጁ ብልህ ነው፤ ትንንሽ ድሮኖችን ሞተራቸውንና ሽቦአቸውን ለየብቻ እየገዛ፥ በገዛ እጁ እየበየደ ገጣጥሞ ያበራል።

አያቴ «ድሮን» የሚለውን ስም በሰሙ ጊዜ አማተቡ። ይህን ስም በአገራችን የሚያውቁት በጦርነት ወሬ ነውና፥ «ልጆቼ! ሰው የሚፈጅ ነገር ቤት ውስጥ ታኖራላችሁ?» ብለው ተቆጡ። የአጎቴ ልጅ መልስ መስጠት ቢያቅተው እኔ ድሮኑን አንሥቼ በመዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። እርሳቸውም በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው፥ «ይህማ ሩብ ኪሎ ቡና እንኳ አይሞላም» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ከነባትሪው ከ250 ግራም ያንስ ነበርና።

ይህን የአበራረር ዓይነት ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። በእንግሊዝኛ ምኅጻር «ኤፍ ፒ ቪ» ይባላል፤ ትርጓሜውም አብራሪው በድሮኑ ውስጥ የተቀመጠ ያህል ሆኖ ከፊት ለፊት ያለውን ማየት ማለት ነው። በድሮኑ ግንባር ላይ አንዲት ትንሽ ካሜራ አለች። ካሜራዋ የምታየው ሥዕል በራዲዮ ሞገድ ተልኮ፥ አብራሪው ዓይኑን ሸፍኖ ባሰረው ወፍራም መነጽር ውስጥ ወዲያው ይታያል። ድሮኑን የሚያዙት አራት ሞተሮች ናቸው፤ አካሉ በራሱ ዙሪያ እንዳይሽከረከር ሁለቱ በአንድ ወገን፥ ሁለቱ በተቃራኒው ወገን ይዞራሉ። የኋለኞቹ ሁለት ሞተሮች ከፊተኞቹ በረታ ብለው ሲዞሩ አፍንጫው ዝቅ ይልና ወደ ፊት ይሄዳል።

ሠርግ ላይ ፎቶግራፍ የሚያነሡት ድሮኖች እጅን ከሪሞቱ ላይ ሲያነሡ ባሉበት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የእኛው ግን እንዲህ አይደለም፤ ካዘነበሉት እንደ አዘነበለ ይቀራል፤ አብራሪው ራሱ ካላቃናው መጨረሻው መሬት ነው። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ሜዳ ከመውጣታችን በፊት በኮምፒዩተር ላይ ባለው ሲሙሌተር 10 ሰዓት ያህል አለማመደኝ። በዚያ 10 ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ወደቅሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስለ ባትሪውም አጥብቆ አስተማረኝ፤ አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞላ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና፥ ሲሞላ ትቶት መሄድ አይገባም። አንዱ ባትሪ የሚያበረው ደግሞ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን መነጽሩን አጥልቄ ከመሬት ስነሣ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያንሰኛል። እግሬ በሣሩ ላይ ቆሞ ሳለ ዓይኔ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ነበር። ጉልበቴ ተብረከረከና ወንበር ስጡኝ አልሁ።

በዚያ አገር ለመዝናናት ብቻ የሚያበር ሰው የሚጠብቀው ሕግ አለ። ያለ ክፍያ የሚሰጥ «ትረስት» የሚባል ፈተና ይፈተናል፤ ከአየር ማረፊያዎች ርቆም ቢሆን ከ400 ጫማ፥ ይኸውም ከ120 ሜትር ያህል በላይ አይወጣም። መነጽር ያደረገ ሰው ደግሞ ከካሜራው ፊት ያለውን እንጂ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን ስለማያይ፥ ድሮኑን በባዶ ዓይኑ የሚከታተል ሌላ ሰው ከአጠገቡ ቆሞ ያየውን ሊነግረው ይገባል።

የአጎቴ ልጅ እሑድ እሑድ ሥራ ይገባ ስለ ነበር ይህን የሚያደርግልኝ ሰው አጣሁ። አጎቴ እኛን ይዞ ከከተማው ውጭ ወዳለው ወዳጁ ግቢ የሚሄደው ደግሞ እሑድ ነበር። ግቢው ሰፊ መስክ አለው፤ ከመስኩ ዳር ላይም ጥቂት የፖም ዛፎች አሉበት። አያቴ ማዘኔን አይተው፥ «እኔ አይልሃለሁ» አሉኝ። እኔም ስቄ፥ «እማማ፥ ይህ እኮ ፈጣን ነገር ነው» ብላቸው፥ «ወፍስ ፈጣን አይደለምን? እኔ ወሎ ሳለሁ በልጅነቴ ማማ ላይ ወጥቼ ማሽላ ጠብቄያለሁ» ብለው መለሱልኝ።

በእውነትም ከአጎቴ ልጅ የበለጡ ጠባቂ ሆኑ። ነጠላቸውን ተከናንበው፥ በተጣጣፊው ወንበር ላይ ተቀምጠው፥ እጃቸውን በግንባራቸው ላይ ጋርደው፥ «ወደ ሽቦው ተጠጋህ»፥ «ጭልፊት በስተቀኝ መጣ፥ ውረድ» ይሉኛል። እኔም እንዳሉኝ አደርጋለሁ። አንድ ቀን መነጽሩን ለእርሳቸው አድርጌላቸው፥ እኔ በዓይኔ እያየሁ ድሮኑን ከኋላቸው አቆምሁት። እርሳቸውም፥ «ይች ወንበር ላይ ያለች ባልቴት ማን ናት?» አሉ። ራሳቸው መሆናቸውን ስነግራቸው ዝም ካሉ በኋላ፥ «ጀርባዬ እንዲህ መጉበጡን አንድም ቀን የነገረኝ የለም» አሉና ሳቁ።

ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። በነሐሴ ወር በአንዱ እሑድ፥ በሁለት የፖም ዛፎች መካከል ዝቅ ብዬ በፍጥነት ለማለፍ ቆርጬ ነበር። ለብዙ ቀናት ስሞክረው ያልሆነልኝ ነገር ነበርና፥ ያን ዕለት ልቤ ሌላ ነገር አልነበረውም። ሁለት ጊዜ ዞሬ በሦስተኛው ቀጥ ብዬ ስመጣ አያቴ፥ «ተው! ልጅ አለ!» አሉ። እኔም፥ «አይቻለሁ» አልሁ። ያየሁት ግን ምንም አልነበረም። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየኝ በዛፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ብቻ ነበር፤ እንዳያቋርጡኝ ብዬ ያልሁት ነው። አያቴም ደግመው ጮኹ፤ እኔም ደግሜ፥ «አይቻለሁ አልኩ እኮ!» አልሁ።

ወዲያው መነጽሩ ከፊቴ ላይ ተነጠቀ። አያቴ ከወንበራቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ነጥቀውኝ ነበር። እኔም ደንግጬ የሞተሩን ማጥፊያ ነካሁት፤ ድሮኑም ወደቀ። ወደ መስኩ ሳልመለከት በአያቴ ላይ ዞሬ፥ «ምን አደረጉኝ! እርስዎ ምን ያውቃሉ!» ብዬ ጮኽሁባቸው። አጎቴና እንግዶቹ ሁሉ ሰሙ።

አያቴ አልመለሱልኝም፤ በጣታቸው ብቻ ወደ ዛፎቹ አመለከቱኝ። የባለቤቱ ልጅ፥ ገና የአራት ዓመት ሕፃን፥ ከዛፉ ግንድ ኋላ ወጥቶ ጣቱን በአፉ ይዞ ቆሟል። ድሮኑ የወደቀው ከእርሱ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ነበር። ሩብ ኪሎ ቡና የማይሞላ ነገር ቢሆንም፥ በዚያ ፍጥነት የሚዞረው ፕሮፔለሩ የሕፃንን ዓይን ለማጥፋት የሚያንስ አልነበረም። እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሕፃኑ እናት እየሮጠች መጥታ አነሣችው። እርስዋ ምንም አላለችኝም፤ ይህም ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

በዚያ ምሽት ወደ አያቴ ክፍል ገብቼ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። የቁጣዬን ብቻ ሳይሆን፥ ሳላይ አይቻለሁ ማለቴንም ተናዘዝሁ። እርሳቸውም፥ «እኔም በልጅነቴ አድርጌዋለሁ» አሉኝ። «ማማ ላይ ሆኜ የሩቁን ወፍ በወንጭፍ ስመታ፥ ዝንጀሮ ከማማው ሥር ገብቶ ማሽላውን ጨረሰው። እናቴ፥ ‹ሥሩን አይተሻል?› ስትለኝ፥ ‹አይቻለሁ› ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱ ከላይ፥ አንዱ ከታች ሆነን ጠበቅን። ከላይ ያለው ሰው ሥሩን አያይም፤ ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ አየሁ ማለቱ ነው።» ከዚህ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሡብኝም።

ወደ አገሬ ልመለስ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ አጎቴ ሁላችንንም ይዞ ወደ ዴይተን ከተማ ሄደ። ዴይተን ከኮለምበስ በስተ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ የብስክሌት ሱቅ የነበራቸው ወንድማማቾች ዊልበርና ኦርቪል ራይት የኖሩበት ከተማ ነው። እኔ የማውቀው «የመጀመሪያውን አይሮፕላን ያበሩ» የሚለውን ብቻ ነበር። የአጎቴ ልጅ ግን በየመጽሐፉ የሚገኘውን ያን የታወቀ ፎቶግራፍ አሳየኝ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 በሰሜን ካሮላይና የባሕር ዳርቻ ኦርቪል በሆዱ ተኝቶ 12 ሰከንድ በረረ፤ የሄደውም 120 ጫማ፥ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ያህል ነው። በፎቶግራፉ በስተቀኝ ግን አንድ ሰው ቆሞ ይታያል፤ እርሱም የክንፉን ጫፍ ደግፎ አብሮ ሲሮጥ የነበረው ዊልበር ነው። በዚያው ቀን እየተፈራረቁ አራት ጊዜ በረሩ፤ በመጨረሻው ዊልበር ራሱ 59 ሰከንድ ቆየ።

ፎቶግራፉን ለአያቴ አሳየኋቸው። በአየር ላይ ያለውን አልፈው በእግሩ የቆመውን በጣታቸው ነክተው፥ «ይኸው፥ የሚያይለት ሰው አለው» አሉ።

ድሮኑን ለአጎቴ ልጅ ትቼለት መጣሁ። ያለ ፈቃድ ድሮን ወደ አገራችን ማስገባት አይፈቀድምና፥ በሻንጣዬ ልብስ መካከል ልደብቀው የሚል አሳብ ቢመጣብኝም፥ ያም ሌላ «አይቻለሁ» ሆኖ ስለ ታየኝ ተውሁት። አሁን በአባቴ ኮምፒዩተር ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሲሙሌተር እለማመዳለሁ፤ በሁለቱ ዛፎች መካከል ማለፍም በዚያ ሆኖልኛል። ወደፊት ፈቃድ አግኝቼ፥ የምሕንድስና ትምህርት ተምሬ፥ ለአገሬ የሚጠቅም የሚበር መሣሪያ መሥራት ምኞቴ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ መምህራችን አስረድቶን ሲያበቃ፥ «ገባችሁ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀን፥ ሳይገባን፥ «አዎን፥ ገብቶናል» የምንለው እኮ ደወሉ እስኪደወል እንዳያቋርጠን ብለን ነው። እኔ ይህን አዘውትሬ አደርግ ነበር። ዘንድሮ ግን በፊዚክስ ክፍል ሁለት ጊዜ እጄን አንሥቼ፥ «አልገባኝም» ብያለሁ፤ ጓደኞቼ ሲስቁም ችዬዋለሁ።

እሑድ እሑድ ለአያቴ ስልክ እንደውላለን። የቤተሰቡን ደህንነት ሁሉ ከጠየቁ በኋላ፥ እኔ በተራዬ ስልኩን ስይዝ ሁልጊዜ፥ «ዛሬስ ማን ያይልሃል?» ይሉኛል። እኔም፥ በሲሙሌተር ውስጥ የሚጎዳ ሰው ባይኖርም፥ ታናሽ እኅቴ ከአጠገቤ ተቀምጣ እንደምታይልኝ እነግራቸዋለሁ።