ሙያ በልብ ነው

በአማርኛችን «ሙያ» የምትባል ቃል አለች፤ እንደ ተነገረላት ሰው ፊቷን ትለዋውጣለች። በቅጽ ላይ «ሙያ» ብሎ ክፍት ቦታ ሲተውልን መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ መምህር እያልን እንሞላለን። ስለ አርበኛ ሲወራ «ሙያ ሠራ» ከተባለ ጠላት ጣለ፣ ምሽግ ሰበረ ማለት ነው። ስለ ሴት ልጅ ሲነሣ ግን «ሙያ አላት ወይ?» የሚል ሽማግሌ ስለ ዲግሪዋ አይደለም የሚጠይቀው፤ ወጧ ይጣፍጣል ወይ ማለቱ ነው። አንዲት ቃል ሦስት ቤት አላት፦ ቢሮ፣ ጦር ሜዳና ማጀት። እኛ ወንዶቹ ተማሪዎች ለሁለቱ ቤቶች ስንታጭ አድገን፣ የሦስተኛውን ደጃፍ እንኳ ሳንረግጥ ነው ዩኒቨርሲቲ የደረስነው።

ወደ ሦስተኛው ቤት የገባነው ወደን አይደለም። ከግቢ ውጭ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተን፣ ከካፌ ወጥተን የምግብ ገንዘባችንን በእጃችን መቀበል ስንጀምር ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ሆነ። ሆቴል እየበሉ ወር መድረስ የማይታሰብ ነው። ዳቦና ሻይ ደሞ አንዱን ሳምንት ያስኬዳል፣ ሁለተኛውን ያነክሳል። ስለዚህ አንድ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ማማሰያና አንድ መክተፊያ ገዝተን ተራ አወጣን። እንዴት ያለ ተራ መሰላችሁ! ራሱን የሚያመው፣ ቤተ መጻሕፍት አስቸኳይ ጉዳይ የሚገጥመው ሁልጊዜ ተራው የደረሰው ሰው ነው። በሩንም እንዘጋ ነበር፤ ለንፋሱ ሳይሆን ለሰው ዓይን። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» የሚለውን ተረት ማንም ሳያስጠናን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋልና።

በሩን ያስከፈቱን አከራያችን ናቸው። ሽታው ጠርቷቸው ይሆናል፣ ብቅ ብለው ድስቱን አዩና «ልጆቼ፣ ዘይቱን አቆዩት፤ ሽንኩርቱ መጀመሪያ የራሱን ውሃ ይጨርስ» አሉን። ይሥቁብናል ብለን ስንጠብቅ አልሣቁም፤ ማማሰያውንም ከእጃችን አልወሰዱም። እስኪቁላላ ድረስ አጠገባችን ቆሙ።

ነገሩ ማጣፈጥ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያት ሲገኝለት። ሽንኩርት ከመቶው 85 እጅ የሚበልጠው ውሃ ነው። በለዘብተኛ እሳት ላይ እያማሰሉ ከቆዩለት ያለ ዘይትም አያርም፤ ውሃውን ቀስ ብሎ ይለቃል፣ መልኩ ይጠቁራል፣ ጣፋጭነቱ ይወጣል። ድስቱን ያዝ ሲያደርግ ጠብታ ውሃ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፤ በርበሬው ደግሞ ፈጥኖ አርሮ ስለሚመርር ውሃ ጠብ እያደረጉ ነው የሚያበስሉት። ለዚህ ሁሉ ሠላሳ አርባ ደቂቃ ትዕግሥት ይፈለጋል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የተባለው ለካ በማጀት በኩል የተፈተነ ዕውቀት ነው።

ሽምብራው ለምን አልበስል እንዳለ የነገረን ደግሞ ከመካከላችን የፊዚክስ ተማሪው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ፈልቶ ቢንፈቀፈቅም ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። መፍትሔው እሳት መጨመር ሳይሆን ጥራጥሬውን ማታ ነክሮ ማሳደር ነው። አከራያችን ይህንን ዲግሪውን ሳይቆጥሩ ያውቁታል፤ እኛ ቆጥረነው አናውቀውም ነበር። እስቲ የትኛው ነው ትምህርት የሚባለው?

ሽሮ ሌላ ትምህርት ነው። ዱቄቱ እየተነሰነሰ ማማሰያው ከቆመ ይጓጉላል፤ በእኩል እጅ ከተማሰለ ግን ድስቱ ውስጥ ቱክ ቱክ ማለት ይጀምራል፣ የጥሬ ዱቄት ሽታው ይሄዳል፣ ክፍሉም ቤት ቤት ይሸታል። ለፈተና ሰሞን ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላገኘንም። ያጠናነው ነገር ውጤቱ መቼ እንደሚለጠፍ አይታወቅም፤ የሽሮ ውጤት ግን በሰዓቱ ይታወቃል። ዛሬ በተራ የምንጣላው ለመሸሽ ሳይሆን ለመሽቀዳደም ሆኗል። በሩም ክፍት ነው። ቅቤ ያልነካው ሽሮ ጾመኛውንም ሙስሊም ጓደኛችንንም አንድ ትሪ ላይ ያገናኛል፤ ክርክሩም ክርስትናውም ፖለቲካውም እዚያው ይቀጥላል።

«ይሄ የወንድ ወግ አይደለም» የሚለን አይጠፋም። እንዴ! ደብረ ዳሞ ሴት የማይወጣበት ገዳም ነው፤ ታዲያ እዚያ አምባ ላይ የሚያበስለው ማን ሊሆን ነው? መነኮሳቱ ራሳቸው ናቸው። በትልልቅ ሆቴሎችም ነጭ ቆብ ደፍቶ፣ «ሼፍ» ተብሎ የሚከበረው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ማብሰል ደመወዝ ሲቆረጥለት የወንድ ሙያ ይሆናል፤ በነጻ ሲሆን የሴት ግዴታ ይባላል። የጦር ሜዳው ሙያም ቢሆን ብቻውን አልቆመም፤ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ለዘመተው ሠራዊት ስንቅ ያዘጋጁት፣ ብዙዎቹም አብረው ዘምተው ያበሰሉት ሴቶች ናቸው። ጀግናው የተነገረለትን ሙያ የሠራው በሌላኛዋ ሙያ ጠግቦ ነው።

ይሁንና ወጥ ሠራን ብለን ኒሻን እንዲሰጠን አንፈልግም። እኛ ማብሰል የወደድነው ልንተወው ስለምንችል ጭምር ነው። ሲደክመን ዳቦ በሻይ እንላለን፣ ማንም «ሙያ የላቸውም» አይለንም። እንጀራውን እንገዛለን፤ ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን መቦካቱን፣ አብሲት መጣሉን፣ ምጣዱ ፊት መቆሙን ሌላ ሰው ጨርሶልናል። በርበሬውም ከየቤታችን በአውቶቡስ የሚላክልን ነው፤ እናቶቻችን ቀንጥሰው፣ ፀሐይ አስጥተው፣ ቅመሙን ቆልተው፣ አስፈጭተው። ሽሮውም እንዲሁ። የእኛ ምግብ ማብሰል የሚጀምረው የእነሱ ሥራ ካለቀበት ነው። እነሱ ደግሞ፣ አብዛኛው የአገራችን ቤተሰብ ዛሬም እንደሚያደርገው፣ በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ጭስ ውስጥ ነው የሚሠሩት።

ከሁሉ የሚከነክነን የእኅቶቻችን ነገር ነው። እኛ ለ12ኛ ክፍል ፈተና መብራት ሥር ስንቀመጥ እነሱ በዚያው ሰዓት ሽንኩርት ይከትፉ፣ ዕቃ ያጥቡ ነበር። ፈተናው ግን ለሁላችንም አንድ ነው፤ አንድ ወረቀት፣ አንድ ሰዓት። አንድ ወጥ ስንት ሰዓት እንደሚበላ በእጃችን ካወቅን ወዲህ ሂሳቡን ማስላት አላቃተንም፤ እኛ ካነበብንባቸው ሰዓቶች ስንቶቹ ከእነሱ የተቆረሱ ናቸው። ይህን ሂሳብ ያስተማረን ክፍል ውስጥ የተሰጠ ኮርስ ሳይሆን ድስቱ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ሴሚስተሩ አልቆ ወደየቤታችን ስንበተን ሻንጣችንን አስቀምጠን በቀጥታ ማጀት እንግባ። ታናሽ እኅት ካለች መጽሐፏን ይዛ ትቀመጥ፤ ሽንኩርቱን እኛ እናቁላላ። እናቶቻችን መጀመሪያ «ተው ልጄ፣ ሰው ምን ይላል!» ማለታቸው አይቀርም። ሰው የሚለውን ከማለቱ በፊት ቀርቦ ይቅመስ።