«መንገዱ ክፍት ነው?»

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የማይጠፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከባሕር ዳርም ይምጣ ከቡሬ፣ አውቶቡስ በገባ ቁጥር ወደ ሹፌሩ ጠጋ ብለው «መንገዱ ክፍት ነው?» ይላሉ። «ክፍት ነው አያ!» ይላቸዋል። ረዳቱ ይስቃል፤ እኛም እንስቃለን።

ከዓመታት በፊት አጭር ፊልም ልጽፍ ስነሳ የክሪስቶፈር ቮግለር ትምህርት እጄ ገባ። ቮግለር በ1985 እ.ኤ.አ. የጆሴፍ ካምቤልን የጀግና ጉዞ ለፊልም ሰዎች በሰባት ገጽ ማስታወሻ አሳጠረው፤ በ1992 መጽሐፍ አደረገው። ጀግና፣ መካሪ፣ በር ጠባቂ፣ መልእክተኛ፣ ጥላ የሚባለው ባላጋራ፣ ቀልደኛ። እኔም ወረቀት አስምሬ የከተማዬን ሰው በየሳጥኑ ደለደልኩት። ሽማግሌውን «ቀልደኛ» ከሚለው ሥር ጻፍኳቸው።

ለእናቴ ሳነብላት አልሳቀችም።

«አያን ነው ማሳቂያ ያደረግሃቸው? በደርግ ጊዜ ልጃቸውን ለዘመቻ የሸኙት እኮ ከዚያው መናኸሪያ ነው። አልተመለሰም።»

ደነገጥኩ። ቦታቸውን ግን አልቀየርኩም። ትዕይንቱ ያስቅ ነበራ!

የጥፋቴን ልክ ያየሁት በኋላ ነው። በእኛ ተረክ እውነቱን የሚናገረው ሰው ብዙ ጊዜ ነጭ ጢም ያለው የተከበረ መካሪ አይደለም። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የባላባቱን ሥርዓት ፊት ለፊት የሚተቸው ካሳ ዳምጤ «ጉዱ ካሳ» ተብሎ ተሳለቁበት። በኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976 እ.ኤ.አ.) የገበሬውን በደል የሚጮኸው ከበበም እንደ እብድ የሚታይ ሰው ነው። ሁለቱም ከቀልደኛው ሳጥን ቢገቡ ታሪኩ አንደበቱን ያጣል።

ጥፋቱ የቮግለር አይደለም። እሱ ራሱ እነዚህ ነገሮች ጭንብል ናቸው ይላል፤ አንዱ ገጸ ባሕርይ እያወለቀ ሌላውን ያጠልቃል። ጭንብሉን ፊት ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ዜና ስጽፍም ይኸው ልማድ አለብኝ፦ ይኼ ጀግና፣ ያ ጠላት፣ እሷ ተጎጂ። ተጎጂ ብለን የመዘገብናትን ሴት «አንቺስ ምን ትያለሽ? ምን ይሻላል?» ብለን የጠየቅናት ስንቴ ነው?

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከቤት ለመውጣት ያሰበ ሁሉ፣ ነጋዴው፣ በሽተኛ ያስያዘው፣ ተማሪው፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ሆነ፦ «መንገዱ ክፍት ነው?»

የሚስቅ የለም።

ሽማግሌው ይህን ሳያዩ አርፈዋል። የፊልም ጽሑፉ እስካሁን አላለቀም። አንድም ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ «አያ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አላልኳቸውም።