ሻንጣው ይቆይ፣ ሆራ እንሂድ!

ከቤታችሁ ውጭ አገር ሊሄድ የተነሣ ሰው ኖሮ ያውቃል? ካለ የመጨረሻዋን ሳምንት ታውቋታላችሁ። በር አይዘጋም። ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ የሥራ ባልደረባው፣ «ይቺን ለልጄ ታደርሽልኛለሽ» ባዩ ሁሉ ይጎርፋል። ሳሎን መሀል ሚዛን ይቀመጣል። በርበሬ ይመዘናል፣ ሽሮ ይመዘናል፣ ድርቆሽ ይመዘናል። ሻንጣው ከ23 ኪሎ ካለፈ ይቀነሳል፤ ከጎደለ ደግሞ «ቡና ጨምሪበት እንጂ!» ይባላል። በዚህ ሁሉ ትርምስ ውስጥ የሚረሱት እነማን ናቸው? ልጆቹ! ፎቷቸው ፓስፖርት ላይ ተለጥፏል፤ እነሱን ግን ምን እንደሚያስቡ የሚጠይቃቸው የለም።

እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ አሜሪካ ወዳለው ባሏ ልትሄድ አምስት ቀን ቀርቷት ነበር። ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሦስት። ኅዳር መባቻ፣ እሑድ ጠዋት፣ ልጁ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ «አሜሪካ ከቃሊቲ ይርቃል?» አላት። አልፈርድበትም፤ በሕይወቱ ከሄደበት ሁሉ ሩቁ ቃሊቲ ነው። እህቴ በእጇ የያዘችውን ፕላስተር ወረወረችና «ይሄ ልጅ አገሩን ሳያይ ሊሄድ ነው እኮ!» አለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ምክክር የለም። የጎረቤት መኪና ተለመነ፣ የትናንት ዶሮ ወጥ አገልግል ውስጥ ገባ፣ ቡናው በፔርሙዝ ተሞላ። «እንግዳ ቢመጣስ?» ላለችው እናታችን የተሰጣት መልስ «ቁልፉን ለጎረቤት» የሚል ነበር።

ለምን ቢሾፍቱ? ቅርብ ናታ! ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። የቸኮለ ሰው በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድ ይነጉዳል። እኔ ግን ልጅ ለያዘ ሰው የምመክረው አሮጌውን መንገድ ነው፣ በአቃቂ በዱከም ያለውን። በፈጣኑ መንገድ ልጅ የሚያየው አጥር ነው። በአሮጌው አህያ አለ፣ ከባድ መኪና አለ፣ ዱከም ላይ ደግሞ ሥጋ ቤት በሥጋ ቤት ነው። ትንሿ የተሰቀለውን ሥጋ በጣቷ ስትቆጥር ቁጥሩ አለቀባትና ከአንድ ጀመረች።

እናታችን (ልጆቹ እቴቴ ይሏታል) በመስኮት የምትፈልገው ሌላ ነበር፤ የድሮውን ሐዲድ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ባቡር ከለገሀር ተነሥቶ በዚሁ በኩል ነበር የሚያልፈው። በወጣትነቷ ደብረ ዘይት የምትመላለሰው በእሱ ነው። ከተማዋን ዛሬም ቢሾፍቱ በሉ ቢሏት አፏ አይለምድም።

ከዱከም ስናልፍ የአድአ ማሳ ተዘረጋ። ያ ስሙ የተጠራው ነጭ ጤፍ ገሚሱ ታጭዷል፣ ገሚሱ ገና ቆሟል። እቴቴ «ያውልህ እንጀራህ» አለችው ልጁን። ሣር ነው ብሎ ድርቅ አለ! መኪናው ቆመ፣ ወረደ፣ አንዲት ዘለላ በመዳፏ አሽታ ፍሬውን አሳየችው። «ይቺ?» አለ። የቀረችውን ኪሱ ከተታት። (የጉምሩክ ሰዎች አይስሙ።)

ሆራ ስንደርስ ሙቀቱ ሹራብ አስወለቀን። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 1900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ትሞቃለች። ልጁ ከዳገቱ ላይ ቁልቁል ሐይቁን ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ቆፈረው?» ሆነ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ አዋቂ ለመዋኘትና ለዓሣ እንጂ ለዚህ አይጨነቅም። ሆራም፣ ባቦጋያም፣ ከተማው መሀል ያለው የቢሾፍቱ ሐይቅም የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። ከሥር የመጣ የቀለጠ ድንጋይ ከምድር ውስጥ ውሃ ጋር ሲገናኝ መሬቱ ፈነዳ፤ ጉድጓዱን ቆይቶ ውሃ ሞላው። እኔ «እሳትና ውሃ ተጣልተው ነው» አልኩት። «ማን አሸነፈ?» አለኝ። አዩት አይደል?

ወላጆች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጉድጓድ ነው ብያችኋለሁ፤ ዳሩ እንደ ወንዝ ዳር ቀስ እያለ አይጠልቅም። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ፎቶ እያነሣችሁ የልጅ እጅ እንዳትለቁ። ደግሞ ለእግዜር ብላችሁ «ደህና አድርገህ እይ፣ ሁለተኛ አታየውም» አትበሉት! እህቴ ልትለው አፏን ስትከፍት በክርኔ ነካኋት።

ከምሳ በኋላ ልጆቹን ይዤ ጠጠር ልንወረውር ወረድን። እናትና ልጅ ዛፍ ሥር ቀሩ። ቪዛው ከተመታ ጀምሮ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው አያውቁም፤ ሁልጊዜ መሀላቸው እንግዳ አለ፣ ሚዛን አለ። ውሃ ልወስድ ስመለስ እቴቴ «ድንገት ብታመም እነዚህን ልጆች ጥለሽ እንዳትመጪ» ስትላት ሰማሁ። እህቴ ብርቱካን እየላጠች ነበር። መላጧን አላቆመችም። ጨርሳ ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ለእናቷ ሰጠች፤ ዝም ብለው በሉ። እኔም ውሃውን ሳልወስድ ተመለስኩ። ያንን ቃል ሳሎን ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የት አግኝታ ትናገረው ነበር?

ወዲያው ከላያችን አውሮፕላን አለፈ። ልጁ «የኛ ነው?» አለ። «የናንተ ዓርብ ነው» አልኩት። (አየር መንገዱ አዲሱን ግዙፍ አየር ማረፊያ የሚሠራው እዚሁ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ነው። የነገ መሰናበቻ ለቅሶ ወደዚህ ሊዛወር ነው ማለት ነው!)

መመለሻችን ላይ አንድ ጋሪ አገኘንና ልጆቹን አንድ ዙር አስመታናቸው። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ቀይ ክር ታስሮለታል። ትንሿ ከባለጋሪው ጭን አልወርድ ብላ አገር ይያዝልኝ አለች። ቤት ስንገባ በር ላይ አራት እንግዳ ቆሞ ጠበቀን፤ አኩርፈዋል። ቡና ተፈላላቸው፣ ሻንጣውም ሌሊት ተዘጋ።

ሁለት ወር ያህል ቆይተው በስልክ ሲደውሉ እቴቴ «ሐይቁን ታስታውሳለህ?» አለችው።

«የቱን ሐይቅ?»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ከዚያ ልጁ ራሱ «ፈረሱስ? ቀይ ክር ያለው ፈረስ አሁንም አለ?» አላት።

«አለ፣ አንተን ይጠብቃል» አለችው፣ ሳታቅማማ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሷም እኔም ቢሾፍቱ ረግጠን አናውቅም።